የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ፡- ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ወደ መንግሥት ውሳኔ

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰውና በሬክተር ስኬል 4 ነጥብ 9 ሆኖ የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱ ይታወሳል። በተለይም በከፍተኛ ሕንፃዎች ላይ ይኖሩ የነበሩ ነዋሪዎች ንዝረቱን በግልጽ ከማስተዋላቸውም በላይ ብዙዎቹ ሕንፃዎቻቸውን ለቅቀው ወደ ውጭ ወጥተዋል። በተከታዮቹ ቀናትም ከሕዝብም ሆነ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሦስት ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ተነሥተዋል። የተከሰተው ምንድን ነው? ወዴትስ ያመራል? ምንስ ማድረግ ይገባል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት መገናኛ ብዙኃንም ሆኑ የመንግሥት አካላት ፊታቸውን ካዞሩባቸው ተቋማት መካከል ቀዳሚው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው። እንደ ፕሮፌሰር አታላይ አየለና ዶክተር ኤልያስ ሌዊ ያሉ የኢንስቲትዩቱ ምሁራን በወራቱ ሁሉ ስለ ክስተቱ ባሕርይ ማብራሪያ ሲሰጡ ተደምጠዋል።

የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ስኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገበው በተመራቂዎች ብዛት፣ በታተሙ ጽሑፎች ቁጥርና ከውጭ ተቋማት ጋር በተፈረሙ የመግባቢያ ሰነዶች ነው። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው አይካድም። ከ2017 ዓ.ም ወዲህ የታየው ሁኔታ ግን ሌላ መለኪያም እንዳለ አመልክቷል። ይኸውም ዩኒቨርሲቲው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዝምታ ያከማቸው ዕውቀት በችግር ቀን ለውሳኔ ሰጪው በጊዜው መድረሱና ሥራ ላይ መዋሉ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ የተገኘው ውጤት የሚያበረታታ ሲሆን፣ የቀረው ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ የሚገኝ ሆኖ ይታያል።

የረጅም ዘመን መዝገብ

የአሁኑ ኢንስቲትዩት መሠረቱ በ1950 ዓ.ም ገደማ በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ነው። ለመቋቋሙ ምክንያት የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 የተካሄደው ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲሆን፣ አዲስ አበባ በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አቅራቢያ መገኘቷ ለጥናቱ ተፈላጊ አድርጓት ነበር። የመግነጢስ ልኬቱ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ተጨመረበት።

የኦብዘርቫቶሪው መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበሩት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ነበሩ። ጉዋን በመሣሪያ የተመዘገበውን ብቻ ሳይሆን በዜና መዋዕሎችና በተጓዦች ማስታወሻዎች ተበታትኖ የነበረውን መረጃ ጭምር አሰባስበው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሚዘግብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። ይህ ሥራ ከዚያ ወዲህ ለተዘጋጁት የስጋት ካርታዎች ዋነኛ የመነሻ ሰነድ ሆኖ አገልግሏል።

መዝገቡ የሚያስታውሰን ብዙ ነገር አለ። በ1898 ዓ.ም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በስምጥ ሸለቆ የተነሣው ከፍተኛ መንቀጥቀጥ ገና በምሥረታ ላይ በነበረችው ዋና ከተማ ተሰምቷል። ከግንቦት 1953 ዓ.ም ጀምሮ በካራ ቆሬ አካባቢ በተከታታይ የደረሱት መንቀጥቀጦች የማጀቴን ከተማ ክፉኛ አውድመዋል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም ደግሞ በአፋር የምትገኘው የሰርዶ ከተማ ፈርሳለች። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም የታየው ክስተት ለብዙ ወጣት ነዋሪዎች አዲስ ይምሰል እንጂ ለአገሪቱ አዲስ አልነበረም። መዝገብ ባይኖር ኖሮ ግን ይህንን ማለት የሚችል አይኖርም ነበር።

የአገር ውስጥ ጣቢያ ለምን አስፈለገ?

አንዳንድ ወገኖች የመንቀጥቀጥ መረጃ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ተቋማት ድረ ገጾች በደቂቃዎች ውስጥ በነፃ እየተገኘ የራስን ጣቢያ መትከልና መጠገን ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሲያነሱ ይሰማል። ጥያቄው ከበጀት አንፃር ሲታይ ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት የመንቀጥቀጥ መነሻ ስፍራ እንዴት እንደሚታወቅ መመልከት ያሻል።

መሬት ስትንቀጠቀጥ ሁለት ዋና ዋና ሞገዶች በውስጧ ይጓዛሉ። አንደኛው ፈጣን ሲሆን ሁለተኛው ዘግይቶ ይደርሳል። በአንድ ጣቢያ ላይ በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለው የሰከንድ ልዩነት በ8 ሲባዛ መነሻው ከጣቢያው በግምት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ያሳያል። አንድ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን በአስተማማኝ ሁኔታ አይናገርም። ቢያንስ የሦስት ጣቢያዎች መረጃ ሲገናዘብ ግን ስፍራው ይለያል። ጣቢያዎቹ ለስፍራው በቀረቡና በተበራከቱ መጠን ስሕተቱ ይጠባል፤ ጥልቀቱም በተሻለ ሁኔታ ይታወቃል።

ጣቢያዎቹ በሺህ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ሲሆኑ የመነሻው ስፍራ በብዙ ኪሎ ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ይህ ለዓለም አቀፍ ጥናት ያን ያህል አያስከፋ ይሆናል። የትኛው ቀበሌ ይነሣ፣ የትኛው ይቆይ ብሎ ለሚወስን የወረዳ አስተዳዳሪ ግን ልዩነቱ የሰዎች ኑሮ ነው። ከዚህም ሌላ መጠናቸው ከ4 በታች የሆኑት መንቀጥቀጦች አብዛኛዎቹ በሩቅ ጣቢያዎች አይመዘገቡም። ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ወዴት እያመራ እንደሆነ የሚጠቁሙት ደግሞ በብዛት የሚደርሱት እነዚሁ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ናቸው።

ይህ አባባል በአፋር ምድር በተግባር ተፈትኗል። በመስከረም 1998 ዓ.ም በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ስንጥቅ ቅልጥ አለት ገብቶ መሬት እስከ 8 ሜትር የሚደርስ ስፋት መከፈቷ ይታወሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በስፍራው ተገኝተው ያጠኑት ይህ ክስተት እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተሰኘው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ከጥናቱ ጸሐፊዎች መካከልም አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ይገኙበታል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያህል ቆይቶ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ተመሳሳይ ምልክት ሲታይ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ለመለየት የሚያስችል ልምድ በአገር ውስጥ ነበር።

በ2017 ዓ.ም ምን ተከናወነ?

በመስከረም የተጀመረው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ካለ በኋላ በታኅሣሥ ወር እንደገና በርትቶ መነሻውም ከፈንታሌ ወደ ዶፈን፣ ማለትም ወደ ሰሜን እየተጓዘ መጥቷል። ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን ተራራ አካባቢ እንፋሎት፣ አቧራና ድንጋይ ከመሬት ውስጥ ሲፈናጠር ታይቷል። በማግስቱ በሬክተር ስኬል 5 ነጥብ 7 ገደማ የሆነ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 ነጥብ 0 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። በመለኪያው ላይ አንድ ቁጥር መጨመር ማለት የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ያህል ማደግ ነው። በመሆኑም የየካቲቱ መንቀጥቀጥ በመስከረም አዲስ አበባን ካስደነገጠው ጋር ሲነፃፀር የለቀቀው ኃይል ወደ 45 እጥፍ ይጠጋል። ከ4 ነጥብ 9 ወደ 6 ነጥብ 0 የተደረገው ለውጥ በመግለጫ ላይ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል። ቁጥሩን የሚያስረዳ ባለሙያ ከውሳኔ ሰጪው ጎን መቀመጥ ያለበትም ለዚህ ነው።

ከሳተላይት በራዳር የተወሰዱ ምስሎች በበኩላቸው መሬቱ ወደ ግራና ቀኝ መከፈቱንና በአሥር በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርዝመት ቅልጥ አለት ከሥር መግባቱን አረጋግጠዋል። የምድር ጣቢያዎችና የሳተላይቱ መረጃ ተደጋግፈው በመቅረባቸው የክስተቱ ምንነት ግልጽ ሊሆን ችሏል።

በዚህ መሠረት መንግሥት ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በሚኖርባቸው የአፋርና የኦሮሚያ ክልሎች ቀበሌዎች ውስጥ ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡ ነዋሪዎችን ወደ ጊዜያዊ መጠለያዎች የማዛወር ሥራ ማከናወኑ ይታወቃል። አርብቶ አደርን ከግጦሽና ከውኃ ማራቅ ቀላል ውሳኔ አይደለም። እንዲህ ያለው ውሳኔ በአሉባልታ ላይ ቢመሠረት ሕዝብ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ አይሰማም፤ በመረጃ ላይ ሲመሠረት ግን ተአማኒነቱ ይጠበቃል።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም በአፋር የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ መፈንዳቱ ደግሞ ጉዳዩ በአንድ ወረዳ የማይወሰን መሆኑን አሳይቷል። ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ውስጥ ስለ መፈንዳቱ የታወቀ መረጃ ያልነበረው ይህ ተራራ ያወጣው አመድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን በመሻገር የመንን፣ ኦማንንና ፓኪስታንን አልፎ ሰሜን ሕንድ ደርሷል፤ የአየር በረራዎችንም አስተጓጉሏል። በአፍዴራ አካባቢ ግጦሹ በአመድ ተሸፍኖ አርብቶ አደሮች ተቸግረዋል። ለዘመናት ጸጥ ያለ ተራራ ሁሉ የሞተ ነው ብሎ መደምደም እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በአንፃሩ የሳይንሱን ወሰን ማወቅም ያስፈልጋል። መንቀጥቀጥ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚደርስ አስቀድሞ መናገር የሚችል ተቋም በዓለም ላይ የለም። በመሆኑም ከዩኒቨርሲቲው የሚጠበቀው የቀን ትንበያ ሳይሆን የስጋት ግምገማ ነው። ይህንን ልዩነት የማያስተውል ኃላፊ ምሁሩን የማይቻል ነገር ይጠይቀዋል፤ የሚቻለውን መረጃ ደግሞ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ከካርታ ወደ ግንባታ ፈቃድ

የኢንስቲትዩቱና የቀደምቱ ኦብዘርቫቶሪ ድካም በብዛት የሚታየው በሕንፃ ኮድ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ስምንተኛው የሕንፃ ኮድ መለኪያ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ የሚችል መንቀጥቀጥን መነሻ ያደረገ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ደረጃ ግን የ475 ዓመትን መመለሻ ጊዜ በመያዙ ሕንፃዎች ሊቋቋሙት የሚገባው ኃይል ከፍ እንዲል አድርጓል።

የቁጥሮቹን ትርጉም በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ሕንፃ 50 ዓመት ያገለግላል ቢባል፣ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀው መንቀጥቀጥ በዚያ ዕድሜው ውስጥ የመድረሱ ዕድል 40 በመቶ ገደማ ነው። የ475 ዓመቱ ግን 10 በመቶ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር በቀድሞው ኮድ የተነደፈ ሕንፃ ከዐቅሙ በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ሊገጥመው የሚችልበት ዕድል በአዲሱ ደረጃ ከተነደፈው በአራት እጥፍ ይበልጣል።

አዲስ አበባም ሆነች አዳማ፣ ሐዋሳና ደሴ በስፋት የተገነቡት በእነዚህ ሁለት ኮዶች ዘመን ነው። በመሆኑም በየክፍለ ከተማውና በየከተማው ያለው የሕንፃ ሹም ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው፣ አዲስ የሚቀርበው ንድፍ በርግጥ በአዲሱ ደረጃ ተሰልቷል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በንድፉ ላይ የተጻፈው በግንባታው ቦታ ተፈጽሟል ወይ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በመንቀጥቀጥ ጊዜ የአንድ ሕንፃ ዕጣ ከሚወሰንባቸው ነገሮች መካከል በዓምዶቹ ጫፍ ላይ የሚታሠሩት ስታፋዎች መቀራረብ፣ የአርማታው ጥራትና የምድር ቤቱ አሠራር ይገኙበታል። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ አልባ ሲደረግና ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ሲሞሉ፣ ንዝረቱ በዚያ በደካማው ወለል ላይ ይከማቻል። ይህ ጉድለት አርማታ ከተሞላና ልስን ከተለሰነ በኋላ በዓይን አይታይም። የሚታየው በግንባታ ወቅት ተቆጣጣሪው በቦታው ተገኝቶ ሲያይ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ሥራ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ካርታውን አዘጋጅቷል፤ ኮዱን በማርቀቅ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል። ካርታውን ወደ ዓምድና ወደ ስታፋ የሚለውጠው ግን ፈቃድ የሚሰጠውና ግንባታ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው። ጥናቱ በዓለም አቀፍ መጽሔት መታተሙ የምሁሩን ማዕረግ ያሳድጋል እንጂ በራሱ አንድም ግድግዳ አያጠናክርም።

በመሠረተ ልማትም በኩል ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የባቡር ሐዲድና ዋናው የየብስ መንገድ የሚያልፉት በዚሁ የስምጥ ሸለቆ ክፍል ነው። 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ እንዲይዝ ተደርጎ የተገነባው የከሰም ግድብም የሚገኘው በአካባቢው ነው። በ2017 ዓ.ም የግድቡ ደኅንነት ጉዳይ የብዙዎች መነጋገሪያ እንደነበር አይዘነጋም። በእንዲህ ያሉ ግንባታዎች ላይ የንዝረት መለኪያ ተተክሎ መረጃው በቀጥታ ለባለሙያዎች እንዲደርስ ማድረግ ከግንባታው ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲነፃፀር እጅግ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ ነው።

ራስ ገዝነትና የማይሸጠው አገልግሎት

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ይታወቃል። ራስ ገዝነቱ ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛውን፣ ተማሪውንና ገንዘቡን በሚመለከት ራሱ እንዲወስን፣ የራሱንም ገቢ እንዲያሳድግ ታስቦ የተሰጠ ነው። ለምርምር ይህ መልካም ዕድል ነው። መሣሪያ ለመግዛትም ሆነ ባለሙያ ለመቅጠር የነበረው የቢሮክራሲ ውጣ ውረድ እንዲቀንስ በር ይከፍታል።

ይሁን እንጂ በራስ ገዝነት ዘመን በጥንቃቄ ሊያዝ የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። ገቢ የሚያስገኝ ሥልጠና፣ የማማከር አገልግሎትና የክፍያ ትምህርት ገዢ አላቸው። የመንቀጥቀጥ ጣቢያ ግን ገዢ የለውም። በአንድ ገለል ያለ ኮረብታ ላይ ተተክሎ ሌት ተቀን የሚመዘግብ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ምንም ዐቢይ ነገር ላይመዘግብ ይችላል። ባትሪው ሲደክም፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳው ሲሰበር ወይም የመገናኛ መሥመሩ ሲቋረጥ በከተማ የሚሰማው ሰው የለም። ጉድለቱ የሚታወቀው መሬት በተንቀጠቀጠች ዕለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ያመለጠው መረጃ ተመልሶ አይመጣም።

ስለሆነም ይህ ሥራ እንደ አንድ የትምህርት ክፍል ወጪ ሳይሆን እንደ ሕዝብ አገልግሎት ሊታይ ይገባዋል። መንግሥት ከዩኒቨርሲቲው የሚፈልገውን አገልግሎት በግልጽ ዘርዝሮ፣ ለጣቢያዎቹ ጥገናና ለባለሙያዎቹ የሌሊት ተረኝነት የሚውለውን ገንዘብ ከመደበኛው የማስተማር በጀት ለይቶ ቢመድብ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ዩኒቨርሲቲው ነፃነቱን ይጠብቃል፤ መንግሥትም የሚከፍልበትን አገልግሎት ለመጠየቅ መብት ይኖረዋል። ራስ ገዝነት ማለት መንግሥት ከኃላፊነቱ መውጣቱ ማለት እንዳልሆነም በተግባር ይረጋገጣል።

ይህን ሲባል ለሁሉም ነገር ገንዘብ ብቻ መልስ ነው ለማለት አይደለም። ብዙ ወጪ የማይጠይቁ፣ ነገር ግን ቁርጠኝነትን የሚሹ እርምጃዎችም አሉ። በኢንስቲትዩቱና በአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን መካከል የሚኖረው ግንኙነት በግለሰቦች ትውውቅ ላይ ሳይሆን በጽሑፍ በሰፈረ አሠራር ላይ ቢመሠረት፣ ማን ለማን፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ፣ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚያስተላልፍ አስቀድሞ ይታወቃል። ለነዋሪው የሚደርሰው መልእክት በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ ቢጠብቅ አሉባልታ የሚይዘው ክፍተት ይጠባል። በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ፣ በጣቢያዎቹ ጥበቃና ጥገና ላይ ድርሻ ቢኖራቸው መሣሪያው በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርም። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱም በመንቀጥቀጥ ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት ልምምድ ማድረግ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም።

የመንቀጥቀጥ ወሬ እንደ መንቀጥቀጡ ሁሉ ቶሎ ይበርዳል። በመስከረም 2017 ዓ.ም ምሽት ከሕንፃው ወርዶ በውጭ የቆመ ሰው ዛሬ ጉዳዩን ረስቶት ሊሆን ይችላል። ተቋማት ግን እንዲረሱ አይፈቀድላቸውም፤ የተቋቋሙትም ግለሰብ የሚረሳውን እንዲያስታውሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ1950 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በማስታወስ ድርሻውን ተወጥቷል። አሁን ተራው የበጀት ባለሙያው፣ የሕንፃ ሹሙ፣ የግድብና የባቡር መሥመር አስተዳዳሪው እንዲሁም የወረዳው ኃላፊ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ስምጥ ሸለቆው ጋብ ያለበት ይህ ጊዜ ለዝግጅት የተሰጠ ጊዜ መሆኑን ተገንዝቦ መጠቀም ከሁሉም ይጠበቃል።